«ነጋዴ» ሲባል ማን ነበር?

በጎጃምና በጎንደር የድሮ ሰዎች አንድን ሰው «ነጋዴ ነው» ካሉ ገዝቶ ይሸጣል ማለታቸው ብቻ አልነበረም። ብዙ ጊዜ «ሙስሊም ነው» ማለታቸውም ነበር። የሥራ ስም እንዴት የሃይማኖት ስም ሆነ?

ምክንያቱ መሬት ነው። በክርስቲያኑ ደጋ ሙስሊሞች በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም፤ የቀራቸው ንግድና ሽመና ነበር። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሰፈራቸው «እስላም ቤት» ተባለ። አሞሌውን፣ ቡናውን፣ ሰሙንና ወርቁን ከገበያ ገበያ የሚያዞሩት በብዛት እነርሱ ነበሩ። ዛሬ በአዊ ዞን ያለችው ዳንግላም የቅፍለት መንገደኞች የሚያውቋት ገበያ ነበረች፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስላ እዚያ ተቀምጦ ነበር።

ቃሉ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ለአንዱ ሙያ ነው፤ ለሌላው «ርስት የለሽ፣ የኛ ያልሆነ» ማለት ነው። የነጋዴዎች አለቃ «ነጋድራስ» ሲባል ግን ክብር ነበር፤ ክርስቲያኑ ምሁር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በዚሁ ማዕረግ ተጠርቷል።

«የኛ ያልሆነ» የሚለው ስሜት በሌላም አነጋገር ኖሯል፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች»። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለእኩልነት የተሰለፈው ታላቅ ሕዝብ ከጠየቀው አንዱ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብሎ መጠራት ነበር። በሰልፉ ክርስቲያኖችም ነበሩበት።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። «ጴንጤ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲወረወርብን ኖሯልና፣ ሌላው ባወጣልን ስም መጠራት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ጌታችንንም «ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ» ብለው እንደ ሰደቡት በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 እናነባለን። ጋኔን እንደሌለበት መለሰ፤ ስለ ሳምራዊነቱ ግን አንዳች አልተናገረም። የአንድ ሕዝብ ስም ስድብ መሆኑን አልተቀበለም። በሉቃስ ምዕራፍ 10ም የባልንጀራን ትርጉም ያስተማረው በሳምራዊ ነው።

እንግዲህ ወንጌልን ለጎረቤታችን ለመንገር ስንነሣ ከስሙ እንጀምር። እርሱ ራሱን «ሙስሊም ነኝ» ካለ እኛም ሙስሊም እንበለው። በክብር ያልጠራነው ሰው የምንነግረውን ለመስማት ምን ምክንያት አለው?