ሁለት ጊዜ የተጣለች ሳንቲም፦ ከ1654 እስከ 8ኛ ክፍል



በወጣትነቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመቀጠሬ በፊት፣ በአንድ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን እንዲህ የሚል መልመጃ ሰጠሁ፦ አንዲት ሳንቲም ሁለት ጊዜ ብትጣል፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? አንድ ልጅ 2/3 ብሎ መለሰ። ምክንያቱንም ከሥሩ ጽፎ ነበር፤ መጀመሪያ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አበቃ፤ ጎፈር ከወጣ ደግሞ ሁለተኛው ወይ ዘውድ ወይ ጎፈር ነው። ስለዚህ ሦስት ውጤት አለ፤ ሁለቱ ይጠቅሙናል። በቀይ ሰርዤ 3/4 ጻፍኩበት። ደብተሩን ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ አራተኛው ከየት መጣ?» ሲለኝ «በደንብ ቁጠር» ብዬ መለስኩት።

ከዓመታት በኋላ የፕሮባቢሊቲን ታሪክ ሳጠና ያንኑ መልስ ከነምክንያቱ አገኘሁት። ጸሐፊው ዣን ለ ሮን ዳላምቤር ነው፤ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ። የታተመውም በ1754 እ.ኤ.አ.፣ ራሱ ከዲደሮ ጋር ባዘጋጀው በታዋቂው የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ነው።

ጥያቄው ግን ከዳላምቤርም ይቀድማል። ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ አስይዘው ሲጫወቱ ጨዋታው ቢቋረጥ፣ ገንዘቡ እንዴት ይከፈል? ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 ባሳተመው መጽሐፍ እስከዚያ ባሸነፉት ዙር ልክ ይካፈሉ ብሎ ነበር። ታርታሊያ ይህን ነቀፈ፤ አንድ ዙር ብቻ ተጫውተው ቢያቋርጡ ያሸነፈው ሁሉንም ጠቅልሎ ሊወስድ ነውና። መፍትሔው የተገኘው በ1654 ፓስካልና ፌርማ በተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ነው። ዋናው ነገር ያለፈው ዙር ሳይሆን የቀረው ነው።

አንደኛው ለማሸነፍ 2 ዙር፣ ሌላው 3 ዙር ይቀረዋል እንበል። ቢበዛ በ4 ዙር ጨዋታው ይለይለታል። ፌርማ አራቱም ዙሮች እንደሚካሄዱ አድርጎ 16 እኩል አጋጣሚዎችን ቆጠረ፤ 11ዱ ለመጀመሪያው፣ 5ቱ ለሁለተኛው ሆኑ። ይህን የሰማው የፓሪሱ ሮቤርቫል ተቃወመ፦ ጨዋታው በሁለት ዙር ሊያልቅ ሲችል ያልተካሄደ ዙር እንዴት ይቆጠራል? የእኔም ተማሪ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ፓስካል የሰጠው መልስ ተጫዋቾቹ ከተሸነፉና ካሸነፉ በኋላ አራቱን ዙር ቢጨርሱም ባይጨርሱም የማናቸውም ድርሻ አይለወጥም የሚል ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ ዳላምቤር እዚያው ላይ መሰናከሉ፣ ነገሩ ለእኛ እንደሚመስለን ቀላል እንዳልነበረ ያሳያል። ተቃውሞ ሲቀርብለትም በ1757 በዚያው ኢንሳይክሎፒዲያ አሳተመው እንጂ ጥርጣሬውን አልተወም።

እግረ መንገዴን ስለ ቁጥር ንድፍ አንድ ነገር ላንሳ። ፓስካል ለዚህ ስሌት በስሙ የሚጠራውን ሦስት ማዕዘን ተጠቅሟል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከበላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። አንድ ብሎ ከሚጀምረው ጫፍ በታች አራተኛው ረድፍ 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 11፣ የቀሩት ሁለቱ 5 ይሆናሉ፤ ክፍፍሉ እዚያው ተቀምጧል። ንድፉ የፓስካል ግኝት አይደለም፤ የቻይናው ያንግ ሁዊ በ1261 ጽፎታል፣ የፋርሱ ዑመር ኻያምም ያውቀው ነበር። እኛ ግን ንድፍን በአንድ ምዕራፍ፣ ፕሮባቢሊቲን በሌላ ምዕራፍ እናስተምርና ልጆቹ ሁለቱ ዝምድና እንዳላቸው ሳይሰሙ ያልፋሉ። በበኩሌ ይህ ያሳዝነኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሦስቱ ውጤቶቹ ስህተት አልነበሩም፤ ስህተቱ ሦስቱን እኩል ማድረጉ ነው። መጀመሪያ ዘውድ መውጣቱ ብቻውን ግማሹን ይይዛል፤ ጎፈር ቀድሞ ዘውድ መከተሉ ሩብ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 3/4። እንዲህ ብዬ ባስረዳው ኖሮ የራሱን መንገድ ሳይጥል መልሱ ላይ ይደርስ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን እኔም አላውቀውም ነበር፤ የማውቀው መልሱን ብቻ ነው።

ዛሬ ለመምህርነት ለሚሠለጥኑ ተማሪዎቼ ይህንኑ ጥያቄ በፈተና አወጣለሁ። እንዲሠሩት አልጠይቃቸውም፤ 2/3 ብሎ ለጻፈ ልጅ ምን ብለው እንደሚመልሱለት እንዲጽፉ ነው የምጠይቃቸው። አብዛኞቹ አሁንም «በደንብ ቁጠር» ብለው ይጽፋሉ። ቀሪውን ሰዓት ለጥያቄዎቻችሁ ልተወው።