ዘይት በጓዳ ሳይበዛ

ዛሬ ዳቦና ኬክ በቤታቸው የሚጋግሩ ሰዎች፣ ሐኪሞች ስለ ልብና ስለ ደም ሥር የሚሰጡትን ምክር ሰምተው፣ ሊጡን የሚያለሰልሱበትን ዘይት በምን እንተካው እያሉ ሲጨነቁ ስሰማ፣ የደጋው አገር ባልትና ይህን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት በሥራ መልሶት እንደ ነበረ ሳይነገር መቅረቱ ያሳዝነኛል። እናቶቻችን ዘይትን የቆጠቡት ስላጡ ብቻ አይደለም፤ ዘይት የሚሠራውን ሥራ ቅጠልም፣ የተፈጨ ዘርም፣ እርሾም ይሠራው ስለ ነበረ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ታሪኳ የተጻፈው የሰራፕታ መበለት፣ በረኃብ ዘመን እንኳ ከዱቄቷ ጋር ጥቂት ዘይት አላጣችም፤ አገሯ የወይራ አገር ነበረና። በእኛ ደጋ የሚበቅለው ወይራ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ለዘይት አልተጨመቀም፤ እንጨቱ ለማገዶና የወተት ዕቃ ለማጠን ዋለ። በሌላ በኩል ሥርዓቱ በፍትሐ ነገሥት 15ኛ አንቀጽ የተደነገገው ጾም፣ ምእመናንን በዓመት ከ180 ቀን ለማያንስ ጊዜ ከሥጋና ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ስለሚከለክል፣ የጾሙ ቅባት ከኑግ፣ ከሱፍ፣ ከሰሊጥና ከተልባ መገኘት ነበረበት። የኑግ ዘይት ደግሞ በቤት ውስጥ የሚወጣው ዘሩ ተቆልቶ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በፈላ ውኃ እየተማሰለ ቅባቱ ወደ ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ በብዙ ድካም ነበርና፣ እንዲህ የተገኘው ጥቂት ዘይት ለወጥ ተጠብቆ ለሊጥና ለምጣድ አይባክንም ነበር።

ለምጣዱ የተመደበው ጎመን ዘር ነው። ከሸክላ ሠሪ እጅ የመጣ አዲስ ምጣድ ገላው ውኃና ሊጥ የሚመጥ በመሆኑ፣ በእሳት ላይ ተጥዶ፣ የጎመን ዘር ዱቄት እየተነሰነሰበትና በጨርቅ እየታሸ፣ ጢሱ ቤቱን እስኪሞላና ፊቱ ጠቁሮ እስኪያበራ ድረስ ይሟሻል። ከዚያ በኋላ በየእንጀራው መካከል ከዱቄቱ ቆንጠር ተደርጎ ይነሰነስና በማሰሻው ጨርቅ ይጠረጋል። ዘሩ ከመቶ 40 ያህል ቅባት ስላለው፣ የምጣዱ ግለት ቅባቱን ያወጣና የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ገለባው በጨርቁ ተጠርጎ ሲወጣ፣ እንጀራው ሳይጣበቅ በሰፌድ ይነሣል። በእፍኝ ዘር ሙሉ ቡሃቃ ሊጥ ተጋግሮ ማለቁን ያየ ሰው፣ ይህ ጥበብ ከብዙ መጻሕፍት ምርምር የማያንስ መሆኑን ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ።

ለድፎ ዳቦ ደግሞ ኮባ የሚባለው የእንሰት ቅጠል አለ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን ጭምር ያወጣለት እንሰት፣ በሰሜኑ አገር በዋናነት የሚፈለገው ለቅጠሉ ነው። ሊጡ በቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ በምጣድ ላይ ተቀምጦ፣ አክንባሎ ተደፍቶበት፣ እሳት ከላይም ከታችም ሲደረግለት፣ ቅጠሉ እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ከምጣዱም ይለየዋል፤ መዓዛም ይሰጠዋል። ልስላሴው የሚመጣው ከቅባት ሳይሆን ሊጡ በእርሾ ረጅም ጊዜ ከመቆየቱ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ለሆያ ሆዬ ልጆች የሚታደለው ሙልሙልም በጾመ ፍልሰታ መካከል የሚውል በመሆኑ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ተጋግሮ፣ የሕፃናት ደስታ ሆኖ ኖሯል።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘች ወዲህ ፉርኖ በየከተማው ተስፋፋ፤ ኬክም ተከተለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ የሚመጣው የፓልም ዘይት በየሱቁ በዛ። ዘይቱ ሳይወቀጥና ሳይማሰል በጀሪካን የሚገኝ ሲሆን፣ በማንኪያ ይለካ የነበረው በብርጭቆ ይለካ ጀመር፤ የፓልም ዘይት ቅባት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች አብዝታችሁ አትመገቡ የሚሉት የሚረጋው ዓይነት ነው።

ስለ ጎመን ዘር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። በዘይቱ ውስጥ ኤሩሲክ አሲድ የተባለ ነገር ይበዛል፤ ይህም በብዛት ሲበላ ልብን እንዳይጎዳ ስለሚያሠጋ፣ ተመራማሪዎች አሲዱ የሌለበትን የጎመን ዘር በማዳቀል አስገኝተዋል። ምጣድ ላይ የሚነሰነሰው ግን እጅግ ጥቂት፣ እሱም በጨርቅ የሚጠረግ ስለ ሆነ፣ ማሰሻነቱን የሚያስነቅፍ ምክንያት አይታየኝም። በሊጥ ውስጥ ለሚገባው ምትክ ግን ተልባን አስቀድማለሁ፤ ተፈጭቶ በውኃ ሲዘፈዘፍ እንደ ሙጫ የሚዝለገለገው ጠባዩ እርጥበትን በዳቦው ውስጥ ያቆያል፤ በጾም ተበጥብጦ ሲጠጣና በፍትፍት ሲበላ የኖረ ስለ ሆነም፣ የትኛዋም ጋጋሪ ከጓዳዋ አታጣውም።