ከመፈክሩ በፊት አልጋው ነበረ

ስለ ተማሪው ንቅናቄ በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ከመፈክሩ ይጀምራል። እኛ ዛሬ ከመኝታ ቤቱ እንጀምር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው አዳሪ ነበር። ቀለቡም አልጋውም ከመንግሥት፤ ጠባቂዎቹ ከካናዳ የመጡ የጀስዊት ካህናት። የተፈለገው ጨዋ፣ ታዛዥ የቢሮ ሰው ነበር። ታዲያ የወለጋውን፣ የሐረሩንና የጎጃሙን ልጅ አንድ ክፍል አስተኝቶ አትነጋገሩ ማለት እንዴት ይሆናል?

ከ1951 ጀምሮ ደግሞ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች በነጻ ትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ተጨመሩ። አገራቸው ገና በቅኝ ግዛት ሥር እያለ ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ በግላጭ ይከራከራሉ። የኛው ልጅ፣ የነጻ አገር ልጅ ነኝ ባዩ፣ ይህን በራት ጠረጴዛ ላይ ሲሰማ ኩራቱ ቆረቆረው። እንዲህ ያለው ትምህርት በየትኛው ክፍል ይሰጥ ነበር? በየትኛውም!

በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ተማሪው ደግፎ ሰልፍ ወጣ። አንድ ግቢ የሚያድርን ሰው ለመጥራት መቼም ደብዳቤ አያስፈልግም።

መንግሥትም ነገሩ ገባው። የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ካስቆጡት በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳሪነቱን አስቀረና ለተማሪው ወርኃዊ ገንዘብ እየቆረጠ ወደ ከተማው በተነው። በእኛ ግምት ስሌቱ እዚህ ላይ ተሳሳተ፤ ቤት ተከራይቶ የኖረ ተማሪ የድሃው ጎረቤት ሆነ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወደ ፓርላማ የተመመው በየካቲት 1957፣ አልጋውን ካጣ በኋላ ነው።