ከኮላ እስከ ነዳጅ ማጣሪያ፦ የዳንታታ ቤተሰብና የዘመድ ብድር በናይጄሪያ

አሊኮ ዳንጎቴ ብዙ ጊዜ የሚወሱት በአፍሪካ ቀዳሚ ባለሀብትነታቸው ነው። ይህ መጣጥፍ ግን ከግለሰቡ ይልቅ የእናታቸውን ቤተሰብ ይመረምራል። በሰሜን ናይጄሪያዋ ካኖ የዳንታታ ቤተሰብ ሀብት ለአራት ትውልድ የዘለቀው በዘመድ ብድር፣ በንግድ ሥልጠናና የመንግሥትን አካሄድ ቀድሞ በማጤን ነው ሲልም ይሟገታል። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሀብቱ መሥራች አልሃሰን ዳንታታ በካኖ ግዛት በቤቤጂ ተወልደው በኮላ (በሚታኘክ ፍሬ) ንግድ ተነሡ። ኮላ እርጥበቱ ከጠፋ ዋጋውን ያጣል፤ በመሆኑም በእርጥብ ቅጠል እየተጠቀለለ ይጓጓዝ ነበር። ከዛሬዋ ጋና እስከ ካኖ በቅፍለት የሚደረገውን ጉዞ ማሳጠር ትርፍ ነበር። አልሃሰን ሸቀጣቸውን ከአክራ ወደ ሌጎስ በመርከብ ካስጫኑ ቀደምት የሃውሳ ነጋዴዎች አንዱ ናቸው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ባቡር ካኖ ሲገባ ወደ ኦቾሎኒ ፊታቸውን አዞሩ። የአውሮፓ ኩባንያዎች ምርቱን ከየገጠሩ የሚሰበስብላቸው የታመነ ሰው ይሹ ነበርና ያንን ቦታ ያዙ። በ1929 ካኖ ውስጥ ባንክ ሲከፈት ሃያ ግመል ጭነት የብር ሳንቲም አስቀመጡ ይባላል። በ1955 ሲያርፉ ከምዕራብ አፍሪካ ታላላቅ ባለጸጎች አንዱ ነበሩ።

በእስልምና ሕግ ውርስ ለብዙ ወራሾች ስለሚከፋፈል፣ አንድ ድርጅት ሳይሸራረፍ ለልጅ ልጅ መድረሱ አዳጋች ነው። ሳይከፋፈል የሚሻገረው የቤተሰቡ ስምና እርስ በርስ መተማመኑ ነው። ዳንጎቴ ከዚህ ቤት የሚወለዱት በእናታቸው በኩል ነው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ በእናታቸው አባት በሳኑሲ ዳንታታ እጅ አደጉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ንግድ የጀመሩትም ከእናታቸው ወገን ባገኙት 500 ሺህ ናይራ ነው። ገንዘቡ ስጦታ አልነበረም፤ ብድር ነበር። ተበዳሪው ሸቀጥ አዟዙሮ መመለስ ነበረበት። ዘመድ እንደ ባንክ አበደረ፤ ያለ ማስያዣ ግን አመነ።

ሆኖም የቤተሰብ እምነት ብቻውን ኢንዱስትሪ አይገነባም። የናይጄሪያ መንግሥት በ2002 ሲሚንቶ የማስመጣት ፈቃድን በአገር ውስጥ ከማምረት ጋር አያያዘ፤ አስመጪው ዳንጎቴም በኮጊ ግዛት የኦባጃናን ፋብሪካ ገነቡ። ኩባንያው በ2015 ሙገር ላይ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ያለው ፋብሪካ በመክፈት ወደ አገራችን ገባ። በ2024 ምርት የጀመረው የሌኪ ነዳጅ ማጣሪያ ደግሞ በቀን 650 ሺህ በርሜል ለማጣራት የታቀደ ነው።

እንደ ሲሚንቶ ፈቃዱ ያለው የመንግሥት ከለላ ሁለት ገጽ አለው። ፋብሪካ ያቆማል፤ ገበያውን በጥቂቶች እጅ በማኖር ሸማቹን ሊጎዳም ይችላል። ስለሆነም ከለላ የሚሰጥ መንግሥት የጊዜ ገደብና የዋጋ ቁጥጥር አብሮ መደንገግ ይገባዋል። የአፍሪካን ካፒታል የሚያጠና ተመራማሪም ከኩባንያ ሰነድ ባሻገር የዘመድ ብድርንና የእናት ወገንን ድርሻ ይመርምር። የዳንታታ ታሪክ ግማሽ ያህሉ ያለው እዚያ ነው።