ፒያኖ በአምባሰል ቅኝት

ከላስታ ደጋ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው የወሎ ተራራማ ምድር ለሙዚቃችን ስም አውጥቶለታል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ነው። በመስቀል ቅርጽ የታወቀችው ግሸን ደብረ ከርቤም ያለችው በዚሁ በአምባሰል ነው። የአውሮፓ ፒያኖና የአገራችን ዜማ እንዴት እንደተገናኙ የሚመረምር ሰው ይህችን አምባ ዘሏት ማለፍ የለበትም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በዓለም ስማቸው የውብዳር ገብሩ፣ አዲስ አበባ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ገና በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ላኳቸው፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። በ1937 ጣሊያን ቤተሰቡን አግዞ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቆይቶም ኔፕልስ አጠገብ ወደምትገኘው መርኮሊያኖ ወሰደው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ላይ በፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ሥር ተማሩ። ቀጣዩ መንገድ ለንደን ነበር፤ ግን ሳይፈቀድላቸው ቀረ። እርሳቸው ራሳቸው እንደተረኩት፣ ከሐዘኑ ብዛት እህል ውኃ እምቢ ብለው ታመሙ፤ ከዚያ በኋላ ልባቸው ወደ ምናኔ አዘነበለ።

መነኩሴዪቱ ግሸን ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ፤ ፒያኖውንም ተዉት። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ዘመን እንደ ባዶ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን የሥራቸው መሠረት የተጣለው እዚያ ይመስለኛል። ካይሮ ድረስ የተማሩት የአውሮፓን ሙዚቃ ነበር፤ በግሸን ዓመታት ጆሯቸው የዋለው ቅዳሴና ማኅሌት ላይ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ጎንደር ወርደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተማሩ፤ ግዕዝን፣ ዕዝልን፣ አራራይን። እዚያም ዜማ ሊማሩ ከሩቅ አገር መጥተው ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው፤ ወደ ተዉት ፒያኖም ተመልሰው ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ጀርመን ውስጥ ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች መርጃ ሆነ።

የፒያኖውና የአገራችን ዜማ ውሕደት ግን ቀላል አልነበረም። የአምባሰልን ቅኝት ከዶ ብንነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶልና ላ ቤሞል ናቸው። ቅኝቱ መጀመሪያ ግማሽ ድምፅ ብቻ ይወጣል፤ ከዚያ ሁለት ሙሉ ድምፅ ይዘላል። የአውሮፓ ሙዚቀኛ በመነሻው ድምፅ ላይ የለመደውን ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ ልሥራ ቢል መካከለኛዋን ሚ ከቅኝቱ ውስጥ አያገኛትም። ከውጭ ቢያስገባት ደግሞ ቅኝቱ ይፈርሳል። እማሆይ ግራ እጃቸው በዝግታ እየተወዛወዘ ቀኝ እጃቸው በነጻነት እንዲያዜም አደረጉ። መሲንቆና ድምፃዊ ድምፁን አንሸራተው የሚያጌጡትን፣ ፒያኖ ማንሸራተት ስለማይችል፣ ከዋናው ድምፅ ቀድመው በሚመቱ ፈጣን ትንንሽ ድምፆች ተኩት። ይህን ሰምተው ሾፐንን ወይም ጃዝን የሚጠቅሱ ጥቂት አይደሉም። የእጅ አጣጣሉ ከአውሮፓ መምጣቱ እውነት ነው፤ ዜማው የሚተነፍሰው ግን እንደ ደብተራ ነው።

ፒያኖን ከአገር ዜማ ጋር በማገናኘት ጥያቄ ውስጥ ቻይናም አልፋለች። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ቸረፕኒን በ1934 ሻንግሃይ ላይ ቻይናዊ ጠባይ ላለው የፒያኖ ድርሰት ውድድር ሲያዘጋጅ አንደኛ የወጣው የሄ ሉቲንግ ሥራ ነበር፤ ርእሱም የእረኛ ልጅ ዋሽንት ነው። በእኛ አገር የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ የጻፉት ታዋቂ ሥራ ባለ ዋሽንቱ እረኛ ይባላል። ሁለቱም በየአገራቸው ከመንደር ዋሽንት ተነሡ።

እማሆይ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደው በ2023 እዚያው በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ክራር እየመታ ያደገውና ሶፊያ ከተማ የተማረው የፒያኖ ተጫዋች ግርማ ይፍራሸዋ ዛሬ በኮንሰርት አዳራሽ ከሚጫወታቸው የራሱ ድርሰቶች አንዱ አምባሰል ይባላል። የግርማ አጻጻፍ ይበልጥ የኮንሰርቫቶሪ ነው፤ ስምምነቱ የሞላ፣ ቅርጹ የተለካ ነው። እማሆይ ፒያኖውን ወደ ዜማው ሲያጎነብሱት፣ እርሱ ዜማውን ወደ መድረኩ ያወጣዋል፤ ሁለቱ መንገዶች ገና ጎን ለጎን በኖታ ተነጻጽረው ሊጠኑ ይገባል።