ከመሰላል መውደቅ (በኬብል ዝርጋታ ሥራ)

የስልክ፣ የኢንተርኔትና የዲሽ መስመር የሚዘረጉ ሠራተኞች ከምሰሶ፣ ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ ጋር በተደገፈ መሰላል ላይ ሳሉ የሚደርስባቸው የሥራ ላይ ጉዳት ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በብዛት የሚታየው በዲሽ ስለሆነ፣ አደጋው ከቴሌኮም ሠራተኛው አልፎ በየሰፈሩ ዲሽ የሚተክለውንም ወጣት ይነካል።

መሰላል የሚከዳው ብዙ ጊዜ ከእግሩ ነው። በወረታ ከተማ ዙሪያ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጥለቀልቁት ምድር፣ ዋልካው አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ይላቁጣል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መሰላል ሰው ሲወጣበት አንድ እግሩ ይሰምጥና ይጋደላል። የባሕር ዛፍ ምሰሶም ቀድሞ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ላዩ ደኅና መስሎ ታቹ ያለቀ ምሰሶ መሰላሉንም ሰውየውንም ይዞ ይወድቃል። ከመውጣት በፊት ምሰሶውን ከሥሩ በመዶሻ መትቶ ድምፁን ማዳመጥ፣ ከመሰላሉ እግር ሥር ሰፊ ሳንቃ ማንጠፍ ይገባል። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ 1 ሜትር ይራቅ። የመብራት ሽቦ ባለበት ቦታ በብረትና በአሉሚኒየም መሰላል አይወጣም፤ የ220 ቮልት ንዝረት ባይገድል እንኳ ከመሰላሉ ሊጥል ይችላል።

ከ4 ሜትር የሚወድቅ ሰው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መሬት ይመታል። በእግሩ ያረፈ ተረከዙና የወገቡ አከርካሪ፣ በእጁ የመከተ አንጓው ሊሰበር ይችላል። ወገቡን የታመመን ሰው ደግፎ ማስቀመጥ ሽባ ሊያደርገው ይችላል፤ ሳይታጠፍ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል፣ በወረታ ዙሪያ ከሆነ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር፣ ይወሰድ። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ስብራት ደም ተቋርጦበት እግር እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ግን አይጠየቅም። የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። በራሱ መሰላል ቤት ለቤት ዞሮ ዲሽ የሚተክለው ወጣት ግን አሠሪ የለውምና ካሳም የለውም። ዲሽ የሚያስተክል ባለቤት ሁሉ፣ ሠራተኛው እስኪወርድ ድረስ መሰላሉን ከሥር ይያዝለት።