የቤዝቦል ዜና መዋዕል፤ አሜሪካ ራሷን የመዘገበችበት ጨዋታ

በፕሬዚዳንት ጄምስ ፖልክ ዘመን፣ በ1846 ጁን 19 ቀን (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ኒከርቦከር የተባለው የኒው ዮርክ ማኅበር የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሆቦከን ሄደ፤ በዚያም ኤሊዥያን ፊልድስ በተባለው መስክ ከሌላ የከተማው ቡድን ጋር ቤዝቦል ገጥሞ 23 ለ1 ተሸነፈ። የጨዋታውን ደንብ ከአንድ ዓመት በፊት አርቅቀው በጽሑፍ ያወጡት እነዚሁ ተሸናፊዎች ነበሩ። ማኅበሩ ግን የጨዋታ መዝገብ ነበረውና ሽንፈቱን ሳይሸሽግ ጻፈው፤ መዝገቡም እስከ ዛሬ አለ። ስለ ቤዝቦል የሚጽፉ አሜሪካውያን ብዙዎቹ ጨዋታው በሕዝቡ ልብ የተተከለው አገር በቀል፣ ከገጠር ሜዳ የተወለደና ነውር የሌለበት ስለ ሆነ ነው ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሌላ ነው። ቤዝቦል ቦታውን ያገኘው በየቀኑ ስለሚደረግና በየቀኑ ስለሚጻፍ ነው፤ በአደባባይ የተጻፈ ነገር ደግሞ ለክርክር የተጋለጠ ነውና የአገሪቱ ጠብ ሁሉ ወደ ሜዳው ሳይመጣ አልቀረም።

አገር በቀል ነው የሚለውን አስቀድመን እንመርምር። ሄንሪ ቻድዊክ እንግሊዝ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ብሩክሊን የመጣ ጋዜጠኛ ነበር፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ሥራ በአንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አጠቃልሎ በጋዜጣ የማውጣትን ልማድ ከማንም በላይ ያስፋፋው እሱ ነው። ይህ ሰው ቤዝቦል ራውንደርስ ከሚባለው የእንግሊዝ ልጆች ጨዋታ የወጣ ነው ብሎ ጻፈ። ቀድሞ ኳስ ወርዋሪ፣ ኋላ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ የሆነው አልበርት ስፖልዲንግ ይህን መስማት አልወደደም። በ1905 አጣሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረገ፤ ኮሚሽኑም በአንድ ሽማግሌ ቃል ላይ ተመርኩዞ በ1907 መጨረሻ ፍርዱን ሰጠ። ጨዋታውን በ1839 ኩፐርስታውን በተባለች የኒው ዮርክ ግዛት መንደር የፈጠሩት ጄኔራል አብነር ደብልዴይ ናቸው ተባለ። ጄኔራሉ ግን በዚያ ዓመት የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ በ1893 እስኪሞቱ ድረስም ቤዝቦልን ፈጠርሁ ብለው የጻፉት አንዳች ቃል አልተገኘም። ደግሞም የማሳቹሴትስ ከተማ ፒትስፊልድ በአዲሱ የጸሎት ቤት መስኮቶች አጠገብ ቤዝቦል እንዳይጫወቱ የከለከለችበት ደንብ የወጣው በ1791 ነው፤ ደብልዴይ ሊወለዱ ገና 28 ዓመት ሲቀር ማለት ነው። የንጉሥን የዘር ሐረግ ከሩቅ አባት ጋር እንደሚያያይዝ ደብተራ፣ ነጋዴውም ለጨዋታው ጀግና አባት ፈለገለት። እንዲህም ሆኖ ተረቱ ሥራውን ሠራ፤ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ በ1939 የተመረቀው በኩፐርስታውን ነው፤ ከዚያ ተረት ውጭ ይናገር የነበረው ቻድዊክም ክብሩን ያገኘው በዚያው አዳራሽ ነው።

ተረቱ ያላስረዳውን የጨዋታው አሠራር ያስረዳል። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፤ መትቶም አራቱን ማረፊያዎች ዞሮ ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይሆናል። ሦስት ሰው የወጣበት ቡድን ተራውን ይለቃል፤ ሁለቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ተራ ሲጨርሱ ጨዋታው ያበቃል። በእግር ኳስ አንድ ጎል የስንት ሰው ድካም እንደ ሆነ መለየት ይቸግራል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ውርወራና እያንዳንዱ ምት ባለቤት አለው፤ ባለቤት ስላለውም ይቈጠራል። በ1869 የሲንሲናቲ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ በግልጽ ደመወዝ መክፈል ጀመረ፤ በ1876 ብሔራዊው ሊግ ተመሠረተ፤ በ1903 ከተቀናቃኙ የአሜሪካ ሊግ ጋር የመጀመሪያውን የፍጻሜ ግጥሚያ ተጋጠመ። አንድ ቡድን በዓመት 154 ጊዜ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ 162 ጊዜ ይጫወታል፤ ስለዚህ ከጸደይ እስከ መከር መግቢያ ድረስ የሰው ሁሉ የማለዳ ጋዜጣ የትናንቱን ቍጥር ይዞ ይመጣ ነበር። ከ1921 ጀምሮም ሬድዮ ተጨመረ፤ በወጥ ቤትም በፋብሪካም በፀጉር አስተካካይ ቤትም ይሰማ ጀመር።

ይህ ዕለታዊ መዝገብ ለመጤው ሕዝብ ትልቅ ነገር ነበረ። የመጤ ልጅ ስም በሠንጠረዡ ውስጥ ከነባሮቹ ስም ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ የመታውም ቍጥር ያለ አድልዎ ይነበባል። ወላጆቹ ከሩማንያ የመጡት አይሁዳዊው ሃንክ ግሪንበርግ በ1934 የዲትሮይት ቡድን ለሻምፒዮንነት ሲፋለም የስርየት ቀን ቢደርስ ሜዳውን ትቶ ወደ ምኵራብ ሄደ፤ ከተማውም ይህን በክብር ተቀበለው። የጣሊያናዊ ዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆነው ጆ ዲማጂዮ በ1941 ለተከታታይ 56 ጨዋታዎች ሳያቋርጥ መትቶ አገሩን ሁሉ አስደነቀ፤ በማግሥቱ ዓመት አገሩ በጦርነት ላይ ሳለ ግን አባቱ ዜግነት አልወሰዱም ነበርና እንደ ጠላት አገር ሰው ተቈጥረው ዓሣ ከሚያጠምዱበት የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ታገዱ። ልጁ በጋዜጣ ፊት ገጽ፣ አባቱ በጠላት አገር ሰዎች መዝገብ። በዚያው በ1942 ጃንዋሪ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለቤዝቦሉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጽፈው ጨዋታው በጦርነት ጊዜም እንዲቀጥል መከሩ፤ ብዙ ሰዓት የሚሠራ ሕዝብ መዝናኛ ያስፈልገዋልና።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ መዝገቡ ያለ አድልዎ ነው የምትል ከሆነ ጥቁሮቹ ወዴት ነበሩ? መልሱ አሳፋሪ ነው። በ1884 ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር የተባለ ጥቁር ለቶሌዶ ቡድን በታላቅ ሊግ ተጫውቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እስከ 1947 ድረስ በሩ ተዘጋ። በታላላቆቹ ሊጎች ደንብ ውስጥ ጥቁር አይግባ የሚል አንድ ቃል አልተጻፈም። የወደቀችውን ኳስ ሁሉ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ብቻ ሳይጽፉ በመስማማት አጸኑት፤ መጻፉ ክርክር እንደሚያመጣ አውቀው ነበርና ዝምታቸው ራሱ ለነገሬ ማስረጃ ነው። ጥቁሮችም በበኩላቸው አልተቀመጡም። በ1920 ሩብ ፎስተር በካንሳስ ሲቲ የጥቁሮችን ብሔራዊ ሊግ መሠረተ፤ ሳቸል ፔጅና ጆሽ ጊብሰንም በዚህ ዓለም ገነኑ። ጨዋታቸውን የጥቁሮች ጋዜጦች ጻፉ፤ የነጮቹ ጋዜጦች አብዛኛውን ጊዜ ዘለሉት።

ከዚህም በኋላ በ1947 ኤፕሪል 15 ቀን ጃኪ ሮቢንሰን በብሩክሊኑ ኢቤትስ ሜዳ ለዶጀርስ ተሰለፈ። ሮቢንሰን የመኮንንነት ማዕረግ ያለው ሰው ነበር፤ በ1944 በቴክሳስ የጦር ሰፈር ወደ አውቶቡሱ ኋላ ሂድ ቢሉት እንቢ በማለቱ በጦር ፍርድ ቤት ቆሞ በነጻ ተለቋል። ብዙዎች ይህን ቀን ሲያነሡ የቡድኑን ኃላፊ የብራንች ሪኪን ደግነት ያወድሳሉ፤ ውዳሴው ግን ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። የፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጠኛ ዌንደል ስሚዝ ለዓመታት ተሟግቷል፤ የኒው ዮርክ ግዛትም በ1945 በሥራ ቅጥር ዘርን መለየት በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ሪኪም ጥሩ ተጫዋች ገበያ እንደሚያመጣ አልሳተውም። የጥቁሮቹ ሊጎች ከዋክብታቸውን ብዙ ጊዜ ያለ በቂ ካሣ ተነጥቀው ከዚያ በኋላ መክሰማቸውም እውነት ነው። ታዲያ ቤዝቦል ተከታይ እንጂ መሪ አልነበረም ቢባል? በከፊል ትክክል ነው። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ ዘር እንዳይለይ ያዘዙት በ1948 ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤቶችን መለያየት የሻረው በ1954 ነው። ከሁለቱም በፊት በሚሊዮን የሚቈጠር ነጭ በየማለዳው የሮቢንሰንን ቍጥር ያነብ ነበር፤ በ1949ም የብሔራዊው ሊግ ምርጥ መቺና ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ስብከት ያልለወጠውን ሰው ሠንጠረዡ ይለውጠዋል አልልም፤ ይሁን እንጂ ጥቁር አይችልም የሚለውን አባባል በየዕለቱ ሐሰት አደረገው። ከሁሉ ዘግይቶ ጥቁር ያሰለፈው የቦስተኑ ሬድ ሶክስ በ1959 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቈይቶ።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ይህ ሁሉ የባለሀብቶች ንግድ ነው ይላሉ። ነው፤ ማን ይክዳል? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1922 ቤዝቦል የፌዴራሉ የንግድ ውድድር ሕግ አይመለከተውም ብሎ ፈረደ፤ ተጫዋቹም ለአንድ ቡድን ከፈረመ ቡድኑ ካልለቀቀው በቀር ታስሮ ይቀር ነበር። ከርት ፍለድ የተባለው ተጫዋች በ1969 ወደ ፊላደልፊያ በልውውጥ ተሰጥተሃል ሲባል እንደ ዕቃ አልሸጥም ብሎ ተከራከረ፤ በ1972 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ፤ የተጫዋችነት ሥራውም ፍርዱ ሳይሰጥ አብቅቶ ነበር። በ1975 ግን በሁለት ወርዋሪዎች ክስ ገላጋይ ዳኛው ማሰሪያውን ቈረጠው። ሠራተኛና አሠሪ የተጣሉበትን ነገር ለማስረዳት አሜሪካዊ መምህር ዛሬም የፍለድን ነገር ይጠቅሳል።

በዘመናችን የአሜሪካ ፉትቦል በቴሌቪዥን ተመልካች ብዛት ቤዝቦልን አስከንድቶታል፤ ብሔራዊው ጨዋታ የሚለው ስም የአሮጌ ሰው ናፍቆት ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። በተመልካች ብዛት ከሆነ ልክ ናቸው፤ ቤዝቦል ራሱም አምኗል፤ ሰዓት የማያውቀው ጨዋታ በ2023 ለወርዋሪው የሰዓት ገደብ ተቀበለ። ሆኖም የፉትቦል ቡድን በመደበኛ ወቅት 17 ጊዜ ይጫወታል፤ የቤዝቦሉ 162 ጊዜ። ለዕለት ኑሮ የቀረበው የትኛው እንደ ሆነ ይህ ቍጥር ይናገራል፤ ጨዋታውን ሳያዩ ቍጥሩን ብቻ የሚከታተሉትም አያሌ ናቸው።

የመዝገቡም ክርክር አላበቃም። በ2020 ዲሴምበር የታላላቆቹ ሊጎች አስተዳደር ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች እኩል ታላቅ ናቸው ብሎ ዐወጀ፤ በ2024 ሜይ ከ2,300 የሚበልጡ ተጫዋቾች ቍጥር ወደ ዋናው መዝገብ ገባ። በዚህም ጆሽ ጊብሰን ከሺህ ዕድል 372 በመምታት፣ 367 ይዞ ለረጅም ዘመን አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን በለጠ። የጥቂት ወራት ጨዋታን ከሙሉ ዓመት ጋር ማወዳደር አይገባም ያሉ ነበሩ፤ ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፣ ነገር ግን ወቅቱ ያጠረው በራሳቸው በጥቁሮቹ ጥፋት አልነበረም። የዚያ ዘመን ጨዋታዎች ዝርዝር የተገኘው ለሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን ተመራማሪዎች ከአሮጌ የጥቁሮች ጋዜጦች አሁንም በመልቀም ላይ ናቸው።